የጎንደርና የዙሪያዋ የትራንስፖርት መስመር ሲታቀድ ስብሰባ የማይመጣውን ሰው እንዴት እንስማው?

ጥያቄው፦ «በጎንደር ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች የታክሲና የአውቶቡስ መስመሮችን እንደገና ለማዋቀር በተቋቋመ ቡድን ውስጥ እሠራለሁ። ጥናቱ ‹ኅብረተሰቡን በፍትሐዊነት ያሳተፈ› እንዲሆን ይጠበቃል። ሁለት ጊዜ አዳራሽ ስብሰባ ጠርተን የመጡት የእድር ዳኞች፣ የማኅበር አመራሮችና የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው። ጉልት የሚሸጡ ሴቶች፣ ከገጠር ለገበያና ለሕክምና የሚመጡ፣ አካል ጉዳተኞች፣ ሾፌርና ረዳቶች አልመጡም። ስምንት ሰው፣ ሦስት ወርና ጠባብ በጀት አለን። ከየት እንጀምር?»

መልስ፦

የቀሩት ሰዎች ጉዳዩ ስላልገባቸው ወይም ስላልፈለጉ አይደለም የቀሩት። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የሚጠራ ስብሰባ ለደመወዝተኛ የሥራ ሰዓቱ ነው፤ ለጉልት ሻጯ ግን የዕለት ገበያዋ ነው። ረዳቱ ከመኪናው ከወረደ የቀን ድርሻው ይቀርበታል። ከደምብያ በሽተኛ ይዞ የመጣ አስታማሚ የቀበሌ ደብዳቤ የሚደርስበት አድራሻ ከተማ ውስጥ የለውም። በዊልቸር የሚሄደው ሰው ወደ አዳራሹ የሚወስደው ታክሲ ስላልጫነው ቀረ፤ ይሄ ደግሞ ራሱ የጥናታችሁ ርዕስ ነው። ስለዚህ ሦስተኛ ስብሰባ ቢጠራም፣ ቀበሌው «ሴቶችም ይምጡ» ተብሎ ቢታዘዝም ነገሩ አይቃናም። ሰው በሚጠብቅበት፣ በሚሳፈርበትና በሚወርድበት ቦታ፣ እሱ በሚገኝበት ሰዓት እናንተ ሂዱ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ገጽ ወረቀት ያስፈልጋል። ውሳኔ ከሚሰጠው አካል ጋር ግማሽ ቀን ተቀምጣችሁ ገና ያልተወሰነው ምን እንደሆነ በዝርዝር ጻፉ፦ መስመሩ ከየት ተነስቶ የት ይጨርስ? የመጀመሪያው መኪና ስንት ሰዓት ይነሳ፣ የመጨረሻውስ? ፌርማታው ከገበያው በላይ ይሁን ወይስ በታች? ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው የት ይቀየር? የዕቃ ሂሳብ በታሪፉ ውስጥ ይግባ? የተወሰነውንም ለይታችሁ ጻፉ፤ የተገዛው መኪና ቁጥር፣ የመንገዱ ስፋት፣ የተመደበው በጀት። መስክ ስትወጡ ሁለቱንም ለሰው ንገሩ። ያለቀ ነገር ላይ ሐሳብ መጠየቅ ሰውን ማታለል ነው፤ አንድ ጊዜ የተታለለ ሰው ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ለሚመጣው ጠያቂ በሩን አይከፍትም። ሼሪ አርንስታይን የተባለች አሜሪካዊት በ1969 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተሳትፎን ደረጃ በስምንት እርከን መሰላል መስላ ጽፋ ነበር። ታችኞቹ ሁለቱ ተሳትፎ አይባሉም። መረጃ መስጠትና ሐሳብ መጠየቅ መሐል ላይ ናቸው፤ ሥልጣን መጋራት ከላይ ነው። አዳራሻችን አብዛኛውን ጊዜ ከመሐሉ አያልፍም። ወረቀቱ ላይ «ክፍት» የሚል አምድ ውስጥ ምንም ካልተጻፈ፣ እንግዲያው ተሳትፎ ሳይሆን ማስታወቂያ ነው የሚሠራው፤ ይህንን ለአለቃችሁ በግልጽ መናገር የእናንተ ፈንታ ነው።

ለአለቃው ለማስረዳት ሕጉም አብሯችሁ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 2 ዜጎች፣ በተለይም የሚኖሩበትን ማኅበረሰብ በሚነኩ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ፣ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት ይሰጣቸዋል። አንቀጽ 35 ንዑስ አንቀጽ 6 ሴቶችን በተለይ ይጠቅሳል። ስለዚህ የሴት ነጋዴዋ ድምፅ ሰነዱ ውስጥ መግባቱ ውለታ ሳይሆን መብቷ ነው።

ቀጥሎ መስመሮቹን ማወቅ ነው። ብዙ ቡድን ይህን ዘልሎ ወደ መጠይቅ ይሮጣል፤ ከዚያ «ታክሲ የለም» እና «ታክሲ አለ» የሚሉ ሁለት መልሶች ይዞ ይቀመጣል። የናይሮቢ ተመራማሪዎችና ተማሪዎች በ2014 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የማታቱ (የኬንያ ሚኒባስ ታክሲ) መስመሮችን ካርታ ያወጡት በተራ ስማርት ስልክ ነበር፤ መኪናው ላይ ተሳፍሮ የጉዞውን ዱካና የፌርማታውን ቦታ መመዝገብ። ጎንደር ላይ በሁለት ሰው በአንድ ሳምንት ተኩል ዋና ዋናዎቹን መጨረስ ይቻላል። ስልኩ ቦታውን በየ5 ሴኮንዱ እንዲመዘግብ አድርጋችሁ ከመነሻ እስከ መድረሻ ተሳፈሩ። ስንት ሰው ወጣ፣ ስንት ወረደ፣ መኪናው እስኪሞላ ስንት ደቂቃ ቆመ፣ ስንት ብር ተከፈለ፣ ለጆንያ ስንት ተጨመረ የሚለውን ጻፉ። ታፔላው የሚለውና መኪናው የሚሄድበት ሲለያይም ጻፉት። በሀገራችን ከተሞች ሰዓቱ ሲጨናነቅ መስመር መቁረጥ የተለመደ ነው፦ አንዱ መስመር ለሁለት ተከፍሎ ተሳፋሪው ሁለት ጊዜ ይከፍላል። ቢሮ ውስጥ ያለው የታሪፍ ሰንጠረዥ ይህን አያሳይም። እያንዳንዱን መስመር ቢያንስ አራት ጊዜ ተሳፈሩበት፦ ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል፣ ቀትር፣ ማታ 11 ሰዓት፣ ከጨለመ በኋላ አንድ ጊዜ። ቅዳሜን ለብቻው መዝግቡ፤ ቅዳሜ ገበያ በሚቆምበት ቀን ከተማዋ ሌላ ከተማ ናት።

በእግር የሚመጣውንም ቁጠሩት። በከተሞቻችን አብዛኛው ጉዞ በእግር ነው፤ የትራንስፖርት ጥናት ግን ብዙውን ጊዜ ከመኪና በር ይጀምራል። በአዘዞ፣ በወለቃና በሌሎቹ መግቢያዎች ላይ ቅዳሜ ከጠዋቱ 11 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ተቀምጣችሁ በየ15 ደቂቃው ሸክም የያዘ እግረኛ፣ ባዶ እጁን ያለ እግረኛ፣ የተጫነ አህያ፣ ጋሪ፣ ባጃጅ፣ ሚኒባስና አይሱዙ ለየብቻ ቁጠሩ። ለአንድ መግቢያ ሁለት ሰው ይበቃል። አርባ ኪሎ ተሸክሞ ሁለት ሰዓት የሚሄድ ሰው «መኪና አልፈልግም» ያለ አይደለም፤ ሂሳቡ አልደረሰለትም ወይም ዕቃውን የሚጭንለት አላገኘም ማለት ነው። የትኛው እንደሆነ መጠየቅ አለበት።

አሁን ወደ መጠይቁ እንምጣ። የናሙና ብዛትን በተመለከተ የሚጠቀሰው 384 የሚል ቁጥር አለ። በ95 በመቶ እርግጠኝነትና በ5 በመቶ ስህተት ለጠቅላላው ሕዝብ የሚበቃ ቁጥር ነው፤ ስሌቱ ትክክል ነው። ችግሩ፣ ከ384ቱ ውስጥ አስታማሚዎች 11፣ ዓይነ ስውራን 2 ብቻ ከሆኑ ስለ እነሱ ምንም አታውቁም፤ አማካዩ የተሻለ የሚኖረውን ሰው መልስ ይዞ ይመጣል። ለየቡድኑ 100 ያህል ሰው ብትጠይቁ ስህተቱ ወደ 10 በመቶ ይጠጋል፤ ለእንዲህ ዓይነት ውሳኔ በቂ ነው። አምስት ቡድን ለዩ፦ ጉልት ሻጮችና ጥቃቅን ነጋዴ ሴቶች፣ ከዙሪያ ወረዳዎች የሚመጡ ገበያተኞች፣ ሕመምተኞችና አስታማሚዎች፣ ተማሪዎች፣ ማለዳና ሌሊት የሚሠሩ የጥበቃ፣ የጽዳትና የሆቴል ሠራተኞች። አካል ጉዳተኞችንና አረጋውያንን በሌላ መንገድ ነው የምታገኟቸው፤ ኋላ ላይ እመለስበታለሁ። አንድ ጠያቂ በቀን 20 ሰው ካነጋገረ ስድስት ጠያቂ በአምስት ቀን 600 ይደርሳል፤ መቶ ትርፍ ይዛችኋል ማለት ነው፣ ምክንያቱም የተበላሸ ወረቀት መኖሩ አይቀርም። ሰልፍ ላይ በየአምስተኛው ሰው ምረጡ። ጠያቂው ራሱ «ፊቱ የሚፈታውን» ከመረጠ ወጣት ወንዶች ይበዛሉ።

መጠይቁ ከ7 ደቂቃ እንዳያልፍ። የጉልት ሻጯ ጊዜ ረፋዱ ላይ ወይም ቀትር ካለፈ በኋላ ነው፤ ደንበኛ ከመጣ አቁሙና ጠብቁ። ሴትን ሴት ትጠይቅ፤ ባል፣ ወንድም ወይም የሰፈር ኃላፊ አጠገብ ቆሞ ከሆነ ያ መልስ የእሷ አይደለም። ከሁሉ በላይ ስለ ትናንት ጠይቁ እንጂ ስለ ፍላጎት አትጠይቁ። «አዲስ አውቶቡስ ቢመጣ ይስማማሽ ነበር?» ብትሏት በይሉኝታ «እግዜር ይስጥልን፣ ጥሩ ነው» ትላለች። «ትናንት ከቤትሽ ስንት ሰዓት ወጣሽ? ምን ላይ ተሳፈርሽ? ለራስሽ ስንት፣ ለዕቃው ስንት ከፈልሽ? ስንት ጊዜ ቀየርሽ? ባለፈው ሳምንት መሄድ ፈልገሽ የቀረሽበት ቀን ነበር? ለምን ቀረሽ?» ስትሏት ግን ታሪኩ ሁሉ ይወጣል። የመጨረሻው ጥያቄ ዋናው ነው። ያልተደረገ ጉዞ በየትኛውም ቆጠራ ላይ አይታይም።

ለምን የጠቅላላውን ጉዞ ወጪ እንደምጠይቅ በቁጥር ላሳይ፤ ቁጥሮቹ ለስሌቱ ምሳሌ ናቸው። ከጠዳ የምትመጣ ሻጭ በመሄጃ ሁለት ጊዜ 15፣ 15 ብር፣ ለጆንያ 20 ብር፣ በመመለሻ 30 ብር ብትከፍል 80 ብር ወጣ። የቀኑ ትርፏ 300 ብር ከሆነ ከአራት ብር አንዱን ለመንገድ ሰጠች፤ 27 በመቶ ገደማ። በቀን 500 የሚያገኝና በ30 ብር ደርሶ የሚመለስ ሠራተኛ ግን 6 በመቶ ነው የሚያወጣው። ታሪፉ በ5 ብር ሲጨመር ሁለቱ ላይ እኩል አይወድቅም። ይህን ሰንጠረዥ ለየቡድኑ ሠርታችሁ ከአማካዩ ቀድሞ አስቀምጡት።

ጥያቄ የምታቀርቡበት ቦታ ምርጫ ግማሹ ሥራ ነው። መናኸሪያና ዋና ፌርማታ ግልጽ ናቸው። ወፍጮ ቤት፣ የክትባት ቀን ጤና ጣቢያ፣ የትምህርት ቤት በር፣ የሪፈራል ሆስፒታሉ በር ይጨመሩ። ሆስፒታል ላይ አስታማሚን ከግቢው ውጭ ብቻ አነጋግሩ፤ ተኝቶ ካለ ሕመምተኛ አልጋ አጠገብ መጠይቅ ይዞ መቆም አይገባም፤ ፈቃዱም ከሆስፒታሉ በጽሑፍ ይምጣ። አዲስ ዓለም አካባቢ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ፣ ደብር አካባቢ እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ሰው በብዛት ይገኛል፤ በተለይ በሳምንቱ ቀናት የማይንቀሳቀሱ አረጋውያን። ከጥር 8 እስከ 13 ምንም አትቁጠሩ። ለጥምቀት ወደ ፋሲል መዋኛ የሚጎርፈው ሕዝብ የአዘቦቱን ጉዞ ምስል ይበርዘዋል። ክረምትም አይዘለል፤ በበጋ ብቻ የተሠራ ጥናት በሐምሌ ጭቃ ላይ ባጃጅ የማይወጣውን ዳገት አያውቀውም። ሦስት ወራችሁ በጋ ላይ ከዋለ ቢያንስ «በክረምት ይሄ ጉዞ ስንት ይፈጃል?» የሚል ጥያቄ ጨምሩና ሁለት መስመሮችን በነሐሴ ዳግም ለማየት ቀን ያዙ።

እቤቱ የቀረው ሰው ፌርማታ ላይ አይገኝም። አስራ ሁለት ቦታ ምረጡ፤ ከመኪና መንገድ የራቁ ሰፈሮች ይብዙ፤ በየቦታው በየአስረኛው በር አስር ቤት አንኳኩ። 120 ቤት ነው፤ አራት ሰው በአንድ ሳምንት ይጨርሰዋል። የቤት ባለቤትን ብቻ አትጠይቁ፤ በቤቱ ውስጥ ካሉት አዋቂዎች ማን ከቤት ለመውጣት እንደሚቸገር ጠይቃችሁ እሱን ወይም እሷን አነጋግሩ።

ዊልቸር፣ ክራንችና ነጭ በትር የሚጠቀሙ ሰዎችን በማኅበሮቻቸው በኩል አግኙ፤ ግን የማኅበሩ ሊቀመንበር ላይ አትቁሙ። ከ25 እስከ 30 ሰው አግኝታችሁ ከእነሱ ጋር አብራችሁ ጉዞ ውጡ፤ ከቤት እስከ ደረሱበት ድረስ። ስንት ታክሲ ሳይጭን አለፈ? የሚኒባሱ የመሳፈሪያ ደረጃ ከመሬት ስንት ሳንቲ ሜትር ነው? ከፌርማታው ዙሪያ 400 ሜትር ውስጥ የተሰበረ የቦይ ክዳን፣ ከ15 ሳንቲ ሜትር የሚበልጥ ጠርዝ፣ ከ1 ሜትር ከ50 የጠበበ የእግረኛ መንገድ ስንት አለ? መወጣጫ ካለ ቁልቁለቱ ከ1 ለ12 እንዳይበልጥ ለኩት፤ አንድ ሜትር ለመውጣት አስራ ሁለት ሜትር ርዝመት ማለት ነው። መስማት ለተሳናቸው የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ከመጀመሪያው ሳምንት በጀቱ ውስጥ ይግባ፤ በመጨረሻ ሲታሰብ ብር አይገኝም።

ዳገትን በተመለከተ አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። ብዙ የመስመር ጥናት ከፌርማታ 400 ሜትር ክብ በካርታ ላይ ይስልና «እዚህ ውስጥ ያለው ሰው አገልግሎት አለው» ይላል። ሜዳ ላይ 400 ሜትር 5 ደቂቃ ነው። ጎንደር በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ባለ ተዳፋት ላይ የተሠራች ከተማ ናት። የተራራ ተጓዦች የሚጠቀሙበት የቆየ ስሌት አለ፦ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ ለየ600 ሜትሩ ከፍታ ሌላ አንድ ሰዓት። በዚህ ስሌት 400 ሜትር ሄዶ 60 ሜትር የሚወጣ ሰው 11 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል፤ ያውም ባዶ እጁን። ውሃ ወይም እህል የተሸከመች ሴትና ሽማግሌ ከዚህም በላይ። ስለዚህ ክቡን ተዉትና ከየሰፈሩ ወደ ፌርማታ በእግር ተጉዛችሁ ደቂቃውን ጻፉ። በ400 ሜትር ክብ ውስጥ «የተሸፈኑ» የሚባሉ ሰፈሮች በዚህ መለኪያ ከሽፋኑ ይወጣሉ፤ የሚወጡት ደግሞ ብዙ ጊዜ ኪራዩ የሚረክስባቸው ዳገትና ገደል ዳር ያሉት ናቸው።

ባለመኪናና ሾፌር አንድ ወገን አይደሉም። ማኅበሩ በአብዛኛው የሚናገረው ለባለንብረቱ ነው። ሾፌሩ ለባለንብረቱ በቀን የተቆረጠ ገቢ ያስገባል፤ ነዳጁን ከፍሎ የቀረችዋ የእሱና የረዳቱ ናት። መኪናው ሳይሞላ የማይነሳው፣ ቀትር ላይ የሚቆመው፣ ማታ መስመር የሚቆርጠው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ያልተረዳ እቅድ «በየ10 ደቂቃው ይነሳ» ብሎ ይጽፋል፤ ሾፌሩ ግን ባዶ መኪና ከነዳ የዕለት ገቢውን ከኪሱ ይሞላል። ስለዚህ አራት የተለያዩ ውይይቶች ያስፈልጋሉ፦ ባለንብረቶች፣ ሾፌሮች፣ ረዳቶች፣ ተራ አስከባሪዎች። ባጃጆችን በአምስተኛነት ያዙ። ከሾፌሮቹ ጋር የአንድ ቀን ሂሳብ ወረቀት ላይ ሥሩ፦ ስንት ምልልስ፣ በአማካይ ስንት ሰው፣ ነዳጅ፣ ገቢ፣ ጎማና ዘይት፣ የተረፈው። ያለዚያ የምታወጡት ሰዓት በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል። ባጃጅን ከዋና መንገድ የማስወጣት ሐሳብ ካለ፣ ሐሳቡ ውሳኔ ሳይሆን ለእነሱ ይነገርና ከዋናው መንገድ ወደ ሰፈር ውስጥ የሚያገናኙ መሆን ይችሉ እንደሆነ አብራችሁ መርምሩ።

መናኸሪያ ወይም ፌርማታ የሚዛወር ከሆነ ደግሞ በዙሪያው የሚኖሩትን አስቡ፤ ጀበና ቡና የምታፈላዋ፣ ሊስትሮው፣ ተሸካሚው፣ ሶፍትና ማስቲካ የሚሸጠው ልጅ። ለሕዝብ ጥቅም መሬት ሲለቀቅ ካሳ የሚከፈልበት አዋጅ ቁጥር 1161/2011 የሚያስበው ባለይዞታን ነው፤ የእግረኛ መንገድ ላይ የተቀመጠችው ሴት በዚያ ውስጥ አትገባም። እቅዱ ራሱ ካላሰበላት የሚያስብላት የለም። ሐሳቡ ከመወራቱ በፊት በአንድ ቀን ውስጥ ያሉትን ቁጠሩና ቆጠራው የተደረገበትን ቀን መዝግቡ። ከወሬው በኋላ የተደረገ ቆጠራ ላይ ቦታ ይገኛል ብለው የሚሰለፉ ሰዎች ይበዙና የነባሮቹ ድርሻ ይጠፋል። አዲሱ ቦታ ላይ ለእነሱ ስንት ካሬ ሜትር፣ ጥላና ውሃ እንደሚቀመጥ በሥዕሉ ውስጥ ይግባ።

የቡድን ውይይት ስታደርጉ ከ6 እስከ 9 ሰው፣ ተመሳሳይ ሰዎች ብቻ። ሽማግሌ ባለበት ወጣት፣ አሠሪ ባለበት ተቀጣሪ፣ ወንድ ባለበት ብዙ ሴት ዝም ይላል፤ ይሄ ጨዋነት ነው እንጂ ስምምነት አይደለም። ቃለ ጉባኤ ላይ «ሁሉም በአንድ ድምፅ ተስማምቷል» የሚል ዓረፍተ ነገር ካያችሁ ያንን ስብሰባ እንደገና አድርጉት። የተለየ ሐሳብ ያለው ሰው ሐሳቡ በራሱ አነጋገር ይጻፍ። ረጅም ውይይት ላይ ለሚቀመጥ ሰው የመጓጓዣና የምሳ ሂሳብ ይከፈል፤ ለባለሥልጣኑም ለጉልት ሻጯም እኩል፣ በመጨረሻ፣ በፊርማ ወይም በአሻራ። ለአንዱ አበል ለሌላው ለስላሳ ከሆነ ገና ሲጀመር ሚዛኑ ተዛብቷል።

በእነዚህ ውይይቶች ላይ ካርታ ዘርግቶ «የትኛውን መስመር ትመርጣላችሁ?» ማለት ብዙ አያስኬድም። ምርጫው ዋጋ እንዳለው በእጃቸው ይዘው ማየት አለባቸው። ከእንጨት ወይም ከካርቶን አስር ትናንሽ መኪኖች ሥሩና ጠጠር ደርድራችሁ መስመሩን መሬት ላይ አሳዩ። ስሌቱ እንዲህ ነው፤ ደቂቃዎቹን በለካችሁት ተኩ። ከአዘዞ እስከ አራዳ መሄጃ 40፣ መመለሻ 40፣ ሁለቱ ጫፍ ላይ አስር አስር ደቂቃ ማረፊያ ቢሆን አንድ ዙር 100 ደቂቃ ነው። በየ10 ደቂቃው መኪና ከተፈለገ አስር መኪና ያስፈልጋል። መስመሩ እስከ ጠዳ ይርዘም ከተባለና 20፣ 20 ደቂቃ ከተጨመረ ዙሩ 140 ደቂቃ ይሆናል፤ አስራ አራት መኪና። ያሉት አስር ብቻ ናቸው። ታዲያ ልዩነቱ ወደ 15 ደቂቃ ቢሰፋ አስሩ ይበቃሉ። የአዘዞ ሰው በአማካይ ከ5 ደቂቃ ይልቅ ሰባት ተኩል ይጠብቃል፤ የጠዳ ሰው መቀየርና ሁለተኛ ሂሳብ ይቀርለታል። ይህን ሁለቱ ሰፈሮች ለየብቻቸው ይወያዩበት፣ ከዚያ ወኪሎቻቸው አንድ ላይ። ለየሰው ሃያ ፍሬ ሽምብራ ሰጥታችሁ በቶሎ መምጣት፣ መርዘም፣ ጥላ ያለው ፌርማታ፣ የማታ መኪና፣ የዕቃ ቦታ በሚሉ ጣሳዎች ውስጥ እንዲያከፋፍሉ አድርጉ። የየቡድኑን ሽምብራ ለየብቻ ቁጠሩ፤ አንድ ላይ የተደባለቀ ሽምብራ ምንም አይነግራችሁም።

የከተማና የዞን ድንበር ሌላው ወጥመድ ነው። ማክሰኝት፣ ቆላ ድባ፣ ትክል ድንጋይና አምባ ጊዮርጊስ በማዕከላዊ ጎንደር ዞን ሥር ያሉ የወረዳ ከተሞች ናቸው፤ ገበያቸውና ሪፈራል ሆስፒታላቸው ግን ጎንደር ነው። የከተማው ስምሪትና የወረዳው ስምሪት በየራሳቸው ሲታቀዱ ተሳፋሪው መናኸሪያ ወርዶ፣ ዕቃውን አውርዶ፣ ዳግም ከፍሎ፣ ዳግም ተጭኖ ነው ከተማ ውስጥ የሚገባው። የጥናቱ አማካሪ ኮሚቴ ውስጥ ከየወረዳው ሁለት ሰው ይኑር፤ አንዷ ሴት ነጋዴ፣ ሌላው አርሶ አደር ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ። የጽሕፈት ቤት ኃላፊ በእነሱ ወንበር አይቀመጥ። መኪና የሚቀየርበት ቦታ ላይ ብቻ አንድ ሙሉ ቀን አውሉ፤ ከተሳካ የጥናታችሁ ትልቁ ጥቅም ከዚያ ይወጣል።

ስለ ደኅንነትና ስለ መረጃ፦ ስም፣ የቤት ቁጥርና ስልክ መጠይቁ ላይ አይጻፍ። የመታወቂያ ፎቶ አይነሳ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ፤ ከአዋጁም በፊት ግን፣ ሰው አሁን ባለው ሁኔታ ማን ምን ለማን እንደሚያደርስ ይጠነቀቃል። የቀበሌ ሠራተኛ ወይም የጸጥታ ሰው አጅቧችሁ አይሂድ፤ ግብር ወይም ሌላ ምዝገባ መስሎት ይሸሻል፣ ወይም የማይሆን መልስ ይሰጣል። ፈቃዱን ቀድማችሁ በደብዳቤ ያዙና ሰፈር ውስጥ ግን የእድር ሰው ወይም የታወቀች እናት ታስተዋውቃችሁ። ማታ ጉዞን የሚመለከተውን በቀን ጠይቁ። መንገድ በሚዘጋበት ቀን የተቆጠረ ቁጥር ካለ ከሌላው ጋር ሳይቀላቀል ለብቻው ይቀመጥ።

አማካይ ቁጥር ፍትሕን እንዴት እንደሚሸፍን ከሚያሳዩት ጉዳዮች አንዱ የሎስ አንጀለስ ነው። በ1994 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የአውቶቡስ ተሳፋሪዎች ማኅበር የከተማዋን የትራንስፖርት ባለሥልጣን ከሰሰ፤ ለባቡር ብዙ ገንዘብ እየወጣ ድሆች የሚሳፈሩበት አውቶቡስ ታሪፉ ሊጨመርና የወር ቲኬቱ ሊቀር ነበር። ክርክሩ በ1964ቱ የዜጎች መብት ሕግ ላይ ቆሞ በ1996 በስምምነት ተቋጨ፤ ባለሥልጣኑ የአውቶቡስ መጨናነቅን የመቀነስ ግዴታ ገባ። በ2012 በዚያ ሀገር የወጣ የፌዴራል መመሪያ ደግሞ 200,000 እና ከዚያ በላይ ሕዝብ ባለበት ከተማ፣ በሥራ መውጫና መግቢያ ሰዓት 50 እና ከዚያ በላይ ተሽከርካሪ የሚያሰማራ ድርጅት ታሪፍ ወይም ዋና መስመር ከመለወጡ በፊት ለውጡ በድሆችና በአናሳ ወገኖች ላይ የሚያደርሰውን ጫና አስልቶ እንዲያቀርብ አዘዘ። እኛ ሕጉ ባያስገድደንም ሰንጠረዡን ከመሥራት የሚከለክለን የለም፦ ለአምስቱ ቡድን፣ ከለውጡ በፊትና በኋላ፣ ወደ ገበያ ስንት ደቂቃ፣ ወደ ሆስፒታል ስንት ደቂቃ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት መድረስ ይቻላል ወይ፣ ስንት ብር። በጣም የተቸገረው ቡድን ከተጎዳ አማራጩ ይከለስ፤ አማካዩ ቢሻሻልም።

ጊዜያችሁን እንዲህ ብትከፍሉት ይበቃል። አንደኛው ሳምንት ለክፍት ውሳኔ ወረቀትና ለፈቃድ፣ ሁለተኛው መጠይቁን በ30 ሰው ለመሞከር፣ ከዚያ ሦስት ሳምንት ለመስመር ምዝገባ፣ ለቆጠራና ለመጠይቅ፣ አንድ ለቤት ለቤት፣ ሁለት ለቡድን ውይይትና ለአብሮ ጉዞ፣ አንድ አማራጭ ለመንደፍ፣ አንድ ለሽምብራው። የቀረው ሁለት ሳምንት መልስ ለመመለስ ነው፤ እሱን ለሌላ ሥራ አትንኩት። በተለምዶ የሚቆረጠው እሱ ነው።

መልሱ አንድ ገጽ ሰንጠረዥ ነው፤ ሦስት አምድ አለው፦ ሰው ምን አለ፣ ምን ተወሰነ፣ ለምን። ያልተቀበላችሁትንም ከነምክንያቱ ጻፉት። በመናኸሪያ፣ በወፍጮ ቤት፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ በር በትልቅ ፊደል ይለጠፍ፤ ማንበብ ለማይችለው በኤፍ ኤም ሬዲዮ ይነበብ፤ መጠይቅ በሞላችሁበት ጉልት ላይ ደግሞ ያው ጠያቂ ራሱ ሄዶ በቃል ይንገር። አዲሱ መስመር በጀመረ በ30ኛውና በ90ኛው ቀን የዚያኑ ያህል ሰው በዚያው ቦታ በዚያው ጥያቄ ጠይቁ፤ የሚስተካከል ነገር የሚታየው ያኔ ነው። መጀመሪያ ላይ ግን የሚመጣውን ቅዳሜ አታሳልፉት፤ ሁለት ሰው ከጠዋቱ 11 ሰዓት አዘዞ መግቢያ ላይ ወረቀትና እርሳስ ይዘው ይቀመጡና እግረኛውን ይቁጠሩ።